ለአጭር ሰው የተቆፈረ ምሽግ

አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት እናት ከአንድ አጭር ጡረተኛ ወታደር ጋር ታወራለች።

«ልጄ እግረኛ ጦር ገባ፣ አያ። ቁመቱን አይተው መትረየስ ሰጡት።»

«በጣም ረጅም ነው?»

«በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ። ሸጋ ልጅ!»

«መትረየሱንስ ይችለዋል። የሚቸግረው ምሽጉ ነው።»

«ምነው?»

«ምሽግ የሚቆፈረው በቆፋሪው ልክ ነው። እኔ የቆፈርሁት አንድ ረጅም ጓደኛዬን እስከ ደረቱ ብቻ ሸፈነው። ጎንበስ በል አልሁት። ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀና አለ።»

ጡረተኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲደውል፣ የተረከበውን ምሽግ ሁሉ በራሱ ቁመት አጥልቆ ይቆፍረው በይው። ቢደክመውም።»

«ወተቱን ከእህቶቹ አፍ ነጥቄ ለእሱ ነበር የምሰጥ» አለች።

አዘዞ ወርጄ ከታክሲው በር ከራቅሁ በኋላም አንገቴን ቀና አላደረግሁም።