ጀልበኞቹ በበረሃ

ክቡራትና ክቡራን፣ የቡድናችን ባለቤት ሚስተር ሃልደንም ጭምር፣ ማልያ አጣቢና ሰፊዋን ዋንዳን አስታውሳችሁ እዚህ ስላቆማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አበባውም ያምራል። ኬኩ ላይ ግን «መልካም ጉዞ» ተብሎ ተጽፏል። የት ነው የምሄደው? ወደ በረሃው ከተማ የሚሄደው ቡድኑ ነው! እኔማ እዚሁ ፖርት ሌንደን፣ ሐይቄ ዳር ነኝ።

ይቅርታ፣ ገና ሳልጀምር ተናደድኩ። ኤርል፣ አትሳቅ፤ አንተም የሜዳህን ሣር እንደ ምንጣፍ ጠቅልለህ አትወስደው።

አዲሶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ይህ የቤዝቦል ቡድን እዚህ አልተወለደም። የሚስተር ሃልደን አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከከሰል ማውጫዋ ከተማ ከቤለር ገዝተው ነው ያመጡት። እዚያ የሚጠራው «ፋኖሶቹ» ተብሎ ነበር። ሽማግሌው ተጫዋቹን፣ ዱላውን፣ አግዳሚ ወንበሩን ሳይቀር ጭነው ሲመጡ ስሙን ግን እዚያው ተዉት። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«አንቺ ደግሞ! ሐይቅ ዳር ፋኖስ ምን ይሠራል? ስሙ የከሰል ቆፋሪዎቹ ነው» አሉኝ። ዛሬም የቤለር ሰዎች እሁድ እሁድ በዚያው ስም ይጫወታሉ።

የኛንስ ስም፣ «ጀልበኞቹ»ን፣ ማን አወጣው? ሐይቁ ነዋ! ኳሷ አጥር ዘልላ በወጣች ቁጥር ማሻገሪያዋ ጀልባ ከወደቡ ጡሩምባዋን ትነፋለች፤ እኛም በግማሽ የተጎረሰ፣ ድንች የተሞላ ፒሮጊያችንን ጥለን እንጮሃለን።

ባለፈው ሳምንት ልጅየው፣ ይቅርታ፣ ሚስተር ሃልደን፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ዋንዳ፣ ከማልያው ላይ የከተማውን ስም ተርትሪና የአዲሱን ከተማ ስፊበት።»

«‹ጀልበኞቹ› የሚለውስ?»

«እሱማ ይቆያል። ሰው የሚያውቀን በሱ ነው።»

«በረሃ ውስጥ? አሸዋ ሊቀዝፉ ነው?»

«ጡሩምባውንም ቀድተነዋል። በድምፅ ማጉያ እናሰማለን።»

ሰማችሁ? ቀድተውታል! ውሃ በሌለበት አገር ጡሩምባ! የሚሻገረው ማን ሊሆን ነው፣ እንሽላሊቱ?

ሚስተር ሃልደን፣ ቡድኑ የእርስዎ ነው፤ ወርሰውታል። ወዴት እንደሚወስዱት እኔ አላዝም። ስሙን ግን ከማን ገዙት? አባትዎ እንዳደረጉት ያድርጉ፤ ይተዉልን።

እንግዲህ ስለ ማልያዎቹ። የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ፤ የከተማችንን ስም ተርትሬዋለሁ። መቀሱ እጄ ላይ እያለ ሌላውንም ተረተርኩት። ማልያዎቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ደረታቸው ባዶ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ናቸው። «ጀልበኞቹ» እዚህ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። የወደብ ሠራተኞቹ የእሁድ ቡድን ደረት ላይ እሰፋቸዋለሁ።

ይቀመጡ ሚስተር ሃልደን፣ ኬክዎን ይጨርሱ። አባትዎ ቢኖሩ ክሩን ራሳቸው ያቀብሉኝ ነበር።

የምትሄዱ፣ መንገዱ ይቅናችሁ፤ በረሃው ጥላ አይንፈጋችሁ። የምንቀር፣ ሐይቁ አይራቀን። ለቡድናችሁም ፈጣሪ እዚያው መሬት ላይ የበቀለ ስም ይስጣችሁ። ስታገኙት ላኩልኝ፤ በነጻ እሰፋላችኋለሁ።