የኢስራ ሕመምና የአባቷ እፍረት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከጎኔ ዘይኑልአቢዲን የተባሉ የሐርቡ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል፤ ከፊታችን ደግሞ አንዲት ልጃገረድ ለብቻዋ። ጠመዝማዛውን ዳገት እንደ ጀመርን ልጅቱ ድንገት ወድቃ ተንፈራገጠች። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ አንዱም ጭሱ እንዲያነቃት ብሎ ክብሪት ጫረ።

«የማን ናት?» ብሎ ረዳቱ ቢጮኽ መልስ ጠፋ። ወደ ጎረቤቴ ዘወር ስል «እንጃ፤ አላውቃትም» አሉኝ።

ከኋላ አንዲት ወጣት ተነሥታ ክብሪቱን አስጠፋች። ልጅቱን በጎኗ አስተኝታ፣ ሻርፗን አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችላት። ዊዳድ ትባላለች፤ ደሴ ሕክምና የምታጠና ናት። ጥቂት ቆይቶ ልጅቱ ዓይኗን ገለጠችና «አባዬ» ብላ እጇን ወደ ሽማግሌው ዘረጋች።

ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ዐረፈ። ኩታቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እንደዚያ ያለ እፍረት በሰው ፊት አይቼ አላውቅም።

ደሴ ገብተን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንወርድ ዊዳድ አልተለየቻቸውም፤ እኔም ተከተልኩ። ልጅቱ እስክትበረታ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

«አባባ፣ ሐኪም አይቷታል?» አለች ዊዳድ።

«ለጂኒ ሐኪም ምን ይሠራል፣ ልጄ? ምልክቱ ግልጽ ነው። በረመዷን ስትጾም ቀለል ይላታል። ሸይጧን በዚያ ወር ይታሰር የለ እንዴ?»

«የወሩን ክብር አልነካም፤ ያዩትም እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ ያነዳል፤ ጉበትም ከስቡ ኬቶን የሚባል ነገር ይሠራል። አንጎል ይህን ሲመገብ በአንዳንድ ሕመምተኞች መንፈራገጡ ይቀንሳል። እኔም የማጠናው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱ ገና ተጣርቶ አላለቀም።»

«እንግዲያው ዓመቱን ሙሉ ትጹማ!»

«ወላሂ እንዳያደርጉት! ልጅ በረሃብ አይታከምም። መጀመሪያ መድኃኒት አለ፤ ብዙውን ሰው ይረዳል። እሱ እምቢ ላለው ነው ቅባት የበዛበት፣ እንጀራና ስኳር የተቀነሰበት ምግብ የሚታዘዘው፤ ያውም ሐኪም እየተከታተለ። ሕመሙ የአንጎል ነው አባባ፤ በትንፋሽም በምራቅም አይጋባም።»

ልጅቱ ኢስራ ቀስ ብላ «አባዬ፣ ሁልጊዜ ለብቻዬ የምታስቀምጠኝ እንዲመቸኝ ብለህ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ሽማግሌው «ያ ረቢ!» ብለው መሬት መሬት አዩ። «ከትምህርት ያስቀረኋት እኔ፤ ከእንግዳ የደበቅኳት እኔ። ዛሬም በሰው ፊት ካድኳት! የምትማሪበት ሐኪም ቤት የት ነው? አሁኑኑ ውሰጂን።»

ከወራት በኋላ ዘይኑልአቢዲንን ኮምቦልቻ አገኘኋቸው። ቅባት የበዛበት ምግብም ሳያስፈልግ መድኃኒቱ ተስማምቷት ኢስራ መውደቋን ትታለች፤ ትምህርቷንም ጀምራለች። እሳቸውም ጎረቤቱን ሁሉ ክብሪት እንዳይጭር፣ የወደቀን በጎኑ እንዲያስተኛ፣ የታዘዘን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ይመክራሉ።

«ምክሩን ይሰማሉ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የካድኳትን ስነግራቸው ነው የሚሰሙኝ። ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። ግን አንድ ልጅ ከተደበቀበት ጓዳ ከወጣ፣ ግድ የለም፣ ልፈር» አሉኝ።