የሰከረው ዘቢብ

በእኛ ዘመን ሰው የሚታወቀው በጠጁ ነበር። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም መባሉ ቀርቶ «ያ ጠጁ ጉሮሮ የሚቧጥጠው ሰውዬ» ከተባለ በቃ፣ አገር ሁሉ ያውቀዋል። እና እኔ ምትኩ፣ ዛሬ ጥርሴ አልቆ እንዲህ ተጎልቼ ብታዩኝ፣ ያኔ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያልቀመስኩት ጋን አልነበረም። ዓይኔን በነጠላ ጠፍራችሁ አንድ ብርሌ ብታቀብሉኝ ማሩ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ መጣ፣ ጌሾውን የወቀጠችው ሴት ደስ ብሏት ይሁን ተቆጥታ፣ እነግራችሁ ነበር። አንቺ ምን ያስቅሻል? እውነቴን ነው። የተቆጣች ሴት የወቀጠችው ጌሾ ምላስ ይነክሳል።

የሽንዲ ጠጅ ጥቁር ነው፤ የቆላ ማር ነው፤ ዝንብ እንኳ ሽታው ደርሷት መብረር አቅቷት በእግሯ ስትሄድ አይቻለሁ። የፈረስ ቤት አገር ጠጅ ደግሞ ነጭ፣ የደጋ ማር፣ እንደ ቄስ ልጅ ጭምት ነው፤ ሲገባ አይሰማም፤ ልነሣ ስትል ጉልበትህን ከመደቡ ጋር ሰፍቶት ታገኘዋለህ። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ብቻ እኔ አገር ለአገር ዞሬአለሁ። ሰው ለሙግት፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ ይሄዳል፤ እኔ «ይህስ ምን ይል ይሆን?» እያልኩ ነበር የምሄድ።

ታዲያ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ ሚስቴ አትጠገብ ወንድ ልጅ ወለደች። ከእሱ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተችብን። እና ይህኛው ሲወለድ አትጠገብ እንቅልፍ አጣች። ልጁ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ያስላል፤ ባሳለ ቁጥር እሷ ወደ እኔ ታያለች። እኔ ደግሞ ለክርስትናው ድግስ ብዬ አንድ ትልቅ ጋን ጠጅ ጥዬ ነበር፤ ጠጅ እንዳይመስላችሁ፣ ክዳኑን ስከፍት ጎረቤት ከእርሻው ላይ ቀና ይል ነበር።

አርባ ቀኑ ሊደርስ ሲል የደብራችን ቄስ መምሬ ይባቤ መጡ። አልተቀመጡም።

«ምትኩ፣ ዘቢብ አልቋል» አሉኝ።

«እንዴት አለቀ መምሬ?»

«ከጎንደር ያመጣልን የነበረው ነጋዴ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ልጅህን አጠምቅልሃለሁ። ግን ያለ ዘቢብ ቅዳሴ የለም። ተጠምቆ ሳይቆርብ መውጣቱ ነው።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ለቁርባን የሚሆነው ወይን እንደኛ ጠጅ ተጥሎ የሚሰነብት አይዶለም። ደረቅ ዘቢብ ነው፤ ዲያቆኑ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ቤተልሔም ውስጥ በንጹሕ ውሃ አርሶ ይጨምቀዋል። አይቦካም፣ አያሰክርም። ዘቢቡ ከሌለ ታዲያ ጽዋው ባዶ ነው።

አትጠገብ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰምታለች። እሷ አዊ ናት፤ ስትናደድ በአገውኛ ነው የምትናገረኝ፤ እኔ አልሰማም፤ ለትዳራችን ያ ነው የበጀን። የዚያን ቀን ግን በአማርኛ ተናገረች።

«አንተ! ለአንድ ብርሌ ብለህ ሽንዲ ድረስ የምትሄድ ሰውዬ! ለልጅህ ዘቢብ ፈልግ!»

እና ሄድኩ። ሽንዲ ሄድኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ «ለእኛም የቀረን አንድ እፍኝ ነው፤ ይልቅ አረፍ በልና ጠጅ ቅመስ» አለኝ። ቀመስኩ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሉትን አገር ያኔ ይህ ስም ሳይወጣለት አቋርጬ ፈረስ ቤት ወጣሁ፤ እዚያም «ዘቢብ? እኛም እናንተን የሚጠይቅ ሰው ልንልክ ነበር! ና ግባ፣ ብርዱ ይውጣልህ፣ ጠጅ ቅመስ» አሉኝ። ቀመስኩ። በየሄድኩበት ጠጅ እንጂ ዘቢብ የለም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መንገድ ቢሰጠኝ ለምስጋና ስዕለት እገባ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጠጁ ሁሉ አፌ ላይ ሲደርስ ሳል ሳል ይለኝ ጀመር፤ የልጄ ሳል።

ባዶ እጄን ቡሬ ገብቼ ጠጅ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ አስካሪ ከጎኔ ተቀመጠ። አስካሪ ማለት ከጣሊያን ጋር ከመረብ ወዲያ የመጣ ያገር ሰው ወታደር ነው፤ ሀብቱ ይባላል፤ አማርኛም ጣሊያንኛም ይችላል። ዝም ብዬ ብርሌውን ሳይ «ሓወይ፣ ምነው አትጠጣም?» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። የሆነውን ነገርኩት።

«ዘቢብ?» አለ። «ምሽግ ውስጥ ምግብ የሚያበስለው ጣሊያን በጆንያ ሙሉ አለው። ዳቦ ውስጥ ይጨምረዋል።»

«ምን ውስጥ?»

«ዳቦ ውስጥ።»

«ቁርባን የሚሆነውን ዘቢብ? ዳቦ ውስጥ? እንደ ጥቁር አዝሙድ?»

«እንደ ጥቁር አዝሙድ። ጠጅ ይወዳል ሰውዬው። ይዘህ ና፣ እኔ አስገባሃለሁ።»

ታዲያ ልብ በሉ፣ ምሽግ መግባት ማለት ባንዳ መባል ነው። ጫካ ያሉት አርበኞች ቢያዩኝ አንገቴን ነው። ግን ለአርባ ቀኑ የቀረን ትንሽ ነበር። ከድግሱ ጋን አንድ ገንቦ ሞልቼ አህያ ላይ ጭኜ ሄድኩ። አህያይቱ መንገድ ላይ የሚንጠባጠበውን እየላሰች ሰክራ ሁለት ጊዜ ወደ ደምበጫ ልትወስደኝ ነበር።

«ኧረ አያ ምትኩ!»

ምን ኧረ ትለኛለህ? አህያ ነበርክ?

እሺ። ጣሊያኑ ፒኖ ይባላል፤ አጭር፣ ክብ፣ እንደ ድስት ያለ ሰው። ገንቦውን ሲያይ «ኦኦኦ!» ብሎ እጁን አፋተገ። እኔም እንደ ወጋችን መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ጠጣሁ፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። እሱ ምን አደረገ? ጠጅ እንዲህ የሚጠጣ መስሎት መዳፉን ዘረጋ! ቀዳሁለት። ላሰ። እንደገና ዘረጋ። እስከ ክርኑ ድረስ ጠጅ በጠጅ ሆነ። ሀብቱ ግድግዳውን ይዞ ይስቃል።

ከዚያ ፒኖ ተራውን አንድ ጠርሙስ አመጣ። ጠርሙሱ ሳር ለብሷል! ከወገቡ በታች ቀሚስ! «ቪኖ» አለኝ። ቀይ ነው፣ የበሬ ደም። ቀዳልኝ። ያዝኩና ጠበቅሁ። እሱ ይጠብቃል፣ እኔ እጠብቃለሁ። አሳላፊው ሳይቀምስ እንዴት እጠጣለሁ? ያውም ጣሊያን የቀዳውን!

«ለምን አይጠጣም?» አለ ፊቱ ቀልቶ፤ ሀብቱ አስተረጎመልኝ።

«መዳፉ ላይ አድርጎ ይቅመስልኛ!» አልኩ።

ሀብቱ ነገረው። ፒኖ ዓይኑን አጉረጠረጠ፤ እጄን አየ፣ ገንቦውን አየ፤ ያኔ ገባው። «አአአ!» አለ፤ መዳፉ ላይ አፍስሶ ላሰው፤ እጁ ዶሮ ያረደ መሰለ። እኔም ጠጣሁ።

ምን ይላል አትሉኝም? መጀመሪያ ጠላሁት። ማር የለውም፤ ጌሾ የለውም፤ ምላሴን እንደ ቆዳ ፋቂ ጨምድዶ ያዘው። የተቆጣ ጠላ ነው አልኩ። ሁለተኛውን ስጎነጭ ግን ከኋላ አንድ ነገር መጣ፤ ዝናብ የመታው ድንጋይ የሚሸት፣ የሾላ ፍሬ የሚሸት። ሦስተኛውን ስጎነጭ «ይህ ወይን ተዳፋት ላይ ነው የበቀለ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው» አልኩት። ሀብቱ ሲያስተረጉምለት ፒኖ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። የአባቱ ማሳ ነው አሉ! እና እንደ ልጅ አለቀሰ። ውሸት ካላችሁ ተዉት።

ልሄድ ስነሣ ዘቢቡን በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ምርጡን ነው፣ ለልጅህ ነው ብሎ። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ዘቢብ። መንገዱን ሙሉ የአረቄ ሽታ ይሸተኛል፤ የራሴ ትንፋሽ ነው ብዬ ተውኩት።

መምሬ ይባቤ ቅጠሉን ፈቱና አፍንጫቸውን አስጠጉ። ወዲያው ራቅ አደረጉት።

«ምትኩ።»

«አቤት መምሬ።»

«ይህ ዘቢብ ሰክሯል።»

«እንዴት ይሰክራል መምሬ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አሽትተው!»

አሸተትኩ። ለካ ጣሊያን ዳቦው ውስጥ ሳይጨምረው በፊት አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል! ሰውዬው አክብሮኝ ከዘፈዘፈው ነው የሰጠኝ። መምሬ ቅጠሉን መለሱልኝና «በዚህ አልቀድስም» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያ ነው የባሰኝ።

አርባው ሊሞላ ያችው ቀን ብቻ ቀርታለች። ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጁ ሲያስል ሰማሁት። አትጠገብ መጥታ ጋኑን አየች። የቀረው ጠጅ የድግሱ ነው፤ ዘመድ ከቆላም ከደጋም ተጠርቷል። ክርስትና ጠርቶ ጠጅ ያጣ ሰው ስሙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ያውም የእኔ የምትኩ!

«ደረቅ ዘቢብ አለው ሰውዬው?» አለችኝ።

«በጆንያ አለው።»

«እንግዲያው ጋኑን ገልብጠህ ውሰድለት።»

«እንግዳውስ ምን ይጠጣል?»

«ጠላ ይጠጣ! ውሃ ይጠጣ! ቢያሻው ይሂድ! ያቺኛዋን ሳትነሣ ቀብሬያለሁ፤ ይህን አልቀብርም!»

እኔ ጠጅ ስሰጥ ኖሬ አላውቅም፤ ስቀምስ እንጂ። ያን ጋን ግን ጥንፍፍ አድርጌ ገንቦዎች ውስጥ ገለበጥኩት፤ ለራሴ አንድ ጉንጭ እንኳ አላስቀረሁም። እንዲያውም መምሬ ናቸው ያዩኝ፣ ይመስክሩልኝ ብል በሕይወት የሉም።

ፒኖ ገንቦዎቹን ሲያይ ጮኸ። እኔ ግን ቪኖውን ሲያቀርብልኝ በእጄ መለስኩት። «ደረቁን! ያልጠጣውን!» አልኩ። ሀብቱ አስተረጎመ። ፒኖ ከጆንያው አንድ ዕቃ ሙሉ ዘገነልኝ፤ ደረቅ፣ የተጨማደደ፣ እንደ እኔ የዛሬ ፊት ያለ። አሸተትኩት፤ ንጹሕ ነው፤ ፀሐይ ፀሐይ ይላል።

ልወጣ ስል ሀብቱ በሩ ላይ እጄን ያዘኝ። «ሓወይ፣ ቅዳሴ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው» አለ። «የክርስትና ስሜ ገብረ ማርያም ነው። ለቄሱ ንገርልኝ፤ ያስቡኝ።»

መምሬ ዘቢቡን ተቀብለው አገላበጡት። «ከጣሊያን እጅ ነው» አሉ።

«መምሬ፣ ያበቀለው ጣሊያን ነው ወይስ እግዜር?» አልኩ።

መምሬ አንዷን አንሥተው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት፣ አሸተቷት። በመጨረሻ «ዲያቆኑን ጥራው» አሉ። እና ስሙን ነገርኳቸው፤ ገብረ ማርያም አልኳቸው። የማን ነው አላሉኝም። በነጋታው ግን በጸሎቱ መሀል ሲጠሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልጄ ተጠመቀ። ቅዳሴው ደረሰ። የክርስትና አባቱ አቅፎት ቀረበ። እኔና አትጠገብ በቁርባን አልተጋባንም፤ እና ለመቁረብ አልደርስም፤ ከኋላ ነው የቆምኩ፤ በዚያ ላይ የሰከረውን ዘቢብ እንዲያው ከምጥለው ብዬ... ተዉት። ብቻ አስቡት! ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያልቀመስኩት የለም፣ የጣሊያንን እንኳ ቀምሻለሁ፤ ያን ያህል የለፋሁበትን ወይን ግን የምቀምሰው እኔ አይዶለሁም። በጣቴ ቆሜ አንገቴን አስረዝሜ አያለሁ። መምሬ በዕርፈ መስቀሉ፣ በቁርባኑ ማንኪያ፣ ጠብ አደረጉለት።

ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ዙሪያውን ዳሰሰ፣ እንዲህ፣ እንዲህ! እንደገና አፉን ከፈተ!

አትጠገብን ጎነጥኳት። «አየሽው? ይቀምሳል እኮ!»

«ዝም በል፣ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለችኝ፤ ግን እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

እንግዳው ሁሉ ጠላ ጠጥቶ ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ አሙኝ። ይሙኝ! ልጁ ሳሉ ቀስ በቀስ ተወው፤ አደገ፤ ይኸው የእናንተው አባት ነው።

«ታዲያ አያ ምትኩ፣ እርስዎስ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምሱት ቀሩ?»

እንዴት እቀራለሁ! ከአትጠገብ ጋር በስተርጅና ቆረብን እኮ።

«ታዲያ ምን ይላል? ከሽንዲው ይበልጣል? ከጣሊያኑስ?»

ኧኸኸኸ! ይህንን አልነግራችሁም። እኔ እስከ ጣሊያን ምሽግ ድረስ ሄጄለታለሁ፤ እናንተ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃችሁ ላይ ነው። ሂዱና ራሳችሁ ቁረቡ!