የእታለም ዘመናይ ፊርማ

በዚህ ቅዳሜ ጠዋት ብርዱን ታግሣችሁ እህታችንን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ዘመዶቻችንና ወዳጆቻችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን፣ ከሮቢንስዴል ድረስ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያክብርልን እላለሁ። የወይዘሮ ዘመናይ ኤዶሳን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ካሳዬ ኤዶሳ ነኝ። ከእኔ የተሻለ አንባቢ፣ ከእኔ የተሻለ ሰውም በዚህ አዳራሽ ሞልቶ ሳለ ነገሩ ለእኔ የደረሰው፣ እህታችን ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ልጃቸውን ሆሳዕናን አስጠርተው "ታሪኬን ካሳዬ ያንብብ፤ የትራኩን ነገር ግን እንዳይዘል" ብለው ስላዘዙ ነው። እኔም አልዘልም።

ወይዘሮ ዘመናይ ከአባታቸው ከአቶ ኤዶሳ ዋቁማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮማነወርቅ በ1950 ዓ.ም. በወለጋ፣ በጊምቢ ከተማ ተወለዱ። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከተማው የሚያውቃቸው በስፌታቸው ሳይሆን በዋስነታቸው ነበር። ሰው ታስሮ ወይም ተበድሮ "ዋስ ጥራ" ሲባል ኤዶሳን ይጠራል። ተበዳሪው ቢጠፋ እንኳ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጊዜ ተሰጥቶ ነገሩ በስምምነት ያልቅ ስለነበር፣ አባታችን በዋስነት ደኽይተው አያውቁም፤ እንዲያውም ስማቸው የሚከበረው በዚሁ ነበር። እታለም፣ እኔ እህቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው፣ ይህን እያዩ አድገው ዋስ መሆን ማለት ሰው መሆን ማለት ነው ብለው ያዙት። በኋላ የመጣው መከራ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

በጊምቢ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በሆስፒታል የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1980 ዓ.ም. ከአቶ ሙሊሳ ጋር በጋብቻ ተሳስረው፣ በስደት ኬንያ ሳሉ ሆሳዕናን ወልደው፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አማካይነት ሴንት ፖል ገቡ። ያ ጊዜ በዚህ አገር አቆጣጠር 1993 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የማነበው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛው ልጃቸው ሐጌ እዚሁ ተወለደ። አቶ ሙሊሳ ፍሪድሊ በሚገኝ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ፣ እታለም ደግሞ ሮቢንስዴል በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ መጀመሪያ በልብስ አጣቢነት፣ ቀጥሎም በነርስ ረዳትነት አሥራ አምስት ዓመት ሠርተዋል። ያነሷቸውና ያስቀመጧቸው አዛውንቶች ብዛት ቢቆጠር ይህን አዳራሽ ሁለት ጊዜ ይሞላ ነበር።

አሁን ወደ ትራኩ ልምጣ። እኔ በ1996 በእታለም ጥሪ መጥቼ ሳሎናቸው ውስጥ ሁለት ዓመት ከተኛሁ በኋላ፣ በ1999 ያገለገለ ትራክ ገዝቼ ጭነት ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። አበዳሪው ድርጅት ክሬዲቴ፣ ማለት የብድር ታሪኬ፣ ገና ጨቅላ ነውና ኮሳይነር አምጣ አለኝ። እታለም "ኮሳይነር ደግሞ ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባዩ ደረቴን ነፍቼ "ዋስ ማለት ነው" አልኳቸው። በዚያች ቃል ነው ያጠፋኋቸው። ዋስ የተባለ ነገር ለኤዶሳ ልጅ እንዴት እምቢ ይባላል? ለአቶ ሙሊሳ እንኳ ሳይነግሩ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ለሃምሳ አራት ሺህ ዶላር ፈረሙልኝ። በአሥራ አራተኛው ወር ነብራስካ ውስጥ ሞተሩ ተቃጠለ። ማሠሪያው አሥራ አንድ ሺህ ነው ሲሉኝ ትራኩን መንገድ ዳር ትቼ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ዴንቨር ሄድኩ፤ እህቴ በየሳምንቱ በሰው ቢልኩብኝም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ሳንቲም አልላክሁላቸውም።

ድርጅቱ ትራኩን አንስቶ በጨረታ ከሸጠ በኋላ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ቀሪ ዕዳ በእታለም ላይ አረፈ። እሳቸውም ለቤት መግዣ ከተጠራቀመው ገንዘብ በየወሩ እየቀነሱ በድብቅ መክፈል ጀመሩ፤ በዘጠነኛው ወር ግን ገንዘቡ አለቀ። ያን ጊዜ ዕዳ የሚሰበስቡት የኮሌክሽን ሰዎች እቤትም ሥራ ቦታም መደወል ያዙ፤ አንድ ቀን ስልኩን አቶ ሙሊሳ አነሡትና ሁሉንም በዚያው ሰሙ። በሚስታቸው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በእኔ ላይ ግን ዝም አሉ፤ ዝምታው ስምንት ዓመት ቆየ።

እዚህ ላይ እታለም የጊምቢ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌዎች ለምነው፣ ከረባት አሳስረው፣ ራሳቸው ድራይቭ አድርገው አበዳሪው ድርጅት ቢሮ ድረስ ወሰዷቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ የአጎታችን ልጅ አቶ ዱጋሳ፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሲያወሩት እስካሁን ይስቃሉ። ሦስት ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ የቆመባት ወጣት ሠራተኛ ግራ ቢገባት "ከእናንተ ውስጥ ብድሩ ላይ ስሙ ያለው ማነው?" አለች። ማንም የለም። "እንግዲያው ስለ ብድሩ ልነግራችሁ አልችልም" ብላ ውሃ አመጣችላቸው። ሽማግሌ ግን የመጣበትን ሳያደርስ አይመለስምና "ለእህታችን የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጥልን" ብለው ተናግረው፣ ልጅቷን "ውለጂ ክበጂ" ብለው መርቀው ወጡ። ልጅቷም በትሕትና አመሰገነቻቸው። በማግስቱ ከኮሌክሽን አራት ጊዜ ተደወለ።

በጥቅምት 2001 እታለም በጠበቃ ምክር ባንክራፕሲ ፋይል አደረጉ፤ ዕዳዬን መክፈል አልችልም ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ማለት ነው። ቀርበው የሚጠየቁበት ቀን ሲደርስ ሁለት ቀን ጾመው፣ የሚሉትን ሁሉ አጥንተው ሄዱ፤ ጠያቂው ሰውዬ ግን ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና አምስት ስድስት ነገር ጠይቆ በስምንት ደቂቃ አሰናበታቸው። ይህ ከዕዳው ይልቅ ጎዳቸው። "የሚቆጣኝ ሰው እንኳ አጣሁ" ይሉ ነበር። ዕዳው ቢሰረዝላቸውም ነገሩ አሥር ዓመት በብድር መዝገባቸው ላይ እንደሚቆይ ተነገራቸው፤ የአፓርታማው ውል እንኳ ሲታደስ በአቶ ሙሊሳ ስም ብቻ ሆነ። የኤዶሳ ልጅ ፊርማቸው የማይቆጠር ሰው ሆኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥብቀው የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ስማቸውን ሲፈርሙ ሰው ዳግመኛ "እሺ" እንዲላቸው ነው።

በ2002 ባንክ ሦስት መቶ ዶላር መያዣ አስቀምጠው በዚያው ልክ የሚያበድር ካርድ ተሰጣቸው። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን አይነካም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከፓስፖርታቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ዓመት ሙሉም አልነኩትም። ዓመቱ ሲያልቅ ስኮራቸው፣ ማለት አበዳሪ የሚመዝናቸው ነጥብ፣ ፈቅ እንዳላለ ሲሰሙ ወሽመጣቸው ተቆረጠ። ስለ ገንዘብ አያያዝ በነፃ የምትመክረው የአገራችን ልጅ ከሚሪያ፣ ዛሬም እዚህ መካከላችን ያለችው፣ "እትዬ ዘመናይ፣ ካርዱ ጌጥ አይደለም፤ ካልተበደሩበትና ካልከፈሉበት ማን ይመሰክርልዎታል?" አለቻቸው። እታለም ተቆጡ። "ዕዳ የሌለበት ሰው የማይታመንበት ምን ዓይነት አገር ነው?" እያሉ እቤት እስኪገቡ ድረስ አጉረመረሙ። በማግስቱ ግን በካርዱ ነዳጅ ቀዱበት፤ ሂሳቡ እንደመጣም ከፈሉ። በየወሩ አንድ ታንክ ነዳጅ፣ በየወሩ አንድ ክፍያ፣ አንድም ቀን ሳያሳልፉ ዓመታት ቀጠሉበት። አባታችን ስም ከመቃብር በላይ ነው ይሉ ነበር፤ እታለም ደግሞ "እዚህ አገር ስም በየወሩ ነው የሚታደሰው" ማለት ጀመሩ።

በ2005 ሰው ሁሉ የብድር መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ እንዲያይ ሲፈቀድ እታለምም የራሳቸውን አስመጡ፤ የትራኩ ዕዳ እንደተሰረዘ ሳይሆን ገና እንዳልተከፈለ ተጽፎ አገኙት። ሆሳዕና ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ በአማርኛ እያዘዙ፣ እሷ በእንግሊዝኛ እየተከራከረች፣ እንዲታረም የሚጠይቅ አምስት ደብዳቤ መዝገቡን ለያዘው ድርጅት ጻፉ። ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም፣ የሠራተኛውም ጤንነት ሳይጠየቅ አይታለፍም ብለው እናትየው ስለጸኑ፣ አምስቱም ደብዳቤዎች የሚጀምሩት እንደምን ሰንብተዋል፣ ቤተሰብዎ ደህና ነው ወይ በማለት ነው። በአምስተኛው ደብዳቤ ስሕተቱ ታረመ። ለሰላምታው የመለሰ ግን እስከ ዛሬ የለም፤ እታለም ይህንን አልረሱትም።

ተማሪ ሆነው ገብተው አስተማሪ ሆነው ወጡ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከአበዳሪ የመጣለትን ፖስታ ይዞ የሚከተላቸው ሰው ብዙ ነበር። ከእናንተም መካከል አንዳንዶቻችሁ "ኮሳይን ማለት ዋስ አይደለም፤ ኮሳይን ማለት ተበዳሪው አንተው ነህ" ሲሉ ሰምታችኋል። ሳያነብ የሚፈርመውንማ፣ ዲያቆንም ቢሆን፣ ልክ ልኩን ይነግሩት ነበር።

እኔ በ2006 ተመለስኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት ብል እዋሻለሁ፤ ሥራ አጥቼ ነው። ሻኮፒ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ፣ ወደ እታለም ቤት ለመሄድ ሦስት ወር ፈራሁ። ስሄድ "ከስተሃል" ብለው ምግብ አቀረቡልኝ እንጂ ስለ ትራኩ አላነሡም። አቶ ሙሊሳ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። በመጋቢት 2008 ሥራ ያደርሰኝ የነበረው ሰው ፈረቃ ሲቀይር፣ አውቶቡስ ወደማይደርስበት መጋዘን የምሄድበት አጣሁ፤ መኪና ልግዛ ብልም የእኔን ክሬዲት ያየ አበዳሪ ሁሉ ፊት ነሳኝ። እታለምን አልጠየቅኋቸውም፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ደግ ነገር ይህ አንዱ ነው። እሳቸው ግን ከሆሳዕና ሰሙ።

ያኔ ስኮራቸው ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ደርሶ፣ ፍሪድሊ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት መርጠው፣ ባንኩም ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር። ለእኔ ቢፈርሙ ዕዳው በእሳቸው ላይ ስለሚቆጠር ቤቱ እንደሚቀር ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ጠርተውኝ፣ አቶ ሙሊሳ ባሉበት "ያኔ ሳላውቅ ፈረምኩ፤ ለሙሊሳም ደበቅሁት። አሁን አውቄ፣ እሱም እያየኝ ልፈርም" አሉ። "እታለም፣ ይቅርብዎት" ብላቸው፣ "ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ፊርማዬን ቆልፌ ላስቀምጠው ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። አቶ ሙሊሳ ከወንበራቸው ተነሡ። ቁልፋቸውን አንስተው መኪና መሸጫው ድረስ ነዱን፤ ከመኪናቸው ሳይወርዱም ጠበቁን። እታለም ሙሉውን ውል መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ፈረሙ። ሻጩም ወረቀቱን አይቶ፣ ቀና እንኳ ሳይል "ኦኬ" አለ። እታለም እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ያ ቤት ለሌላ ሰው ተሸጠ። እታለም ቤት ሳይገዙ ነው ያረፉት፤ ይህን ማንም በሹክሹክታ እንዳይነግራችሁ እኔው ጮክ ብዬ አነበብኩት። የመኪናውን ዕዳ እስከ ዛሬ ሃያ ወር ከፍያለሁ፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም።

በሚያዝያ 2009 የቆሽት ካንሰር እንደያዛቸው ተነገራቸው። ሮቢንስዴል በሚገኘው ሆስፒታል እየተመላለሱ ሲታከሙ፣ የሚንከባከቧቸው ነርሶች ሳይቀሩ ስለ ካርዳቸው ያማክሯቸው ነበር። ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2009፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያከልኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት ለቀብር አስፈጻሚው ድርጅት የሚከፈለው ዕድሩ ከሰጠን በለጠና፣ ቀሪውን በየወሩ ለመክፈል ሁለት ሰው መፈረም ነበረበት። አቶ ሙሊሳ ፈረሙ። ቀጥሎ ፓስተራችን ብዕሩን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ አቶ ዱጋሳም ተነሡ። ሁለቱም ስማቸው ያልጎደፈ ሰዎች ናቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አቶ ሙሊሳ ብዕሩን ለማንም ሳይሰጡ ወደ እኔ ዞሩና በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩኝ፤ "ካሳዬ፣ ና ፈርም" አሉኝ። ፈረምኩ።

ወይዘሮ ዘመናይ ባለቤታቸውን አቶ ሙሊሳን፣ ልጆቻቸውን ሆሳዕናንና ሐጌን፣ በጊምቢ ያሉትን እናታችንን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ እኔን ወንድማቸውንና ብዙ ዘመድ ወዳጅ ትተው አርፈዋል። የሁላችንን ዕዳ የከፈለ ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ቦታ ይቀበልልን። ለአቶ ሙሊሳና ለልጆቹ መጽናናትን ያብዛላቸው። እኔንም ለፈረምኩት ያብቃኝ። አሜን።