ጀሶው ላይ የተጻፈው ቀን

(ደሴ፣ የመሐንዲሶች ማኅበር ቅርንጫፍ ቢሮ፣ የካቲት ማለቂያ፣ ጠዋት። የማኅበሩን ዜና መጽሔት የምታዘጋጀው ኢንጂነር የሺሐረግ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ የቅርንጫፉ ሰብሳቢ ኢንጂነር ላቀው ስልኩን እንደያዘ ፊቷ ቆሟል።)

ላቀው፦ እትዬ የሺ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ማስታወቂያ ማን ነው ያወጣው?

የሺሐረግ፦ እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?

ላቀው፦ መቼ?

የሺሐረግ፦ ዛሬ ጠዋት። ተነሣሁ። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ ከጀሪካን ቀድቼ ታጠብሁ። የትናንት ዳቦ በሻይ በላሁ። የጌጡን መኪና አስነሣሁ፣ ትንሽ አቆየሁትና አጠፋሁት። በፒያሳ አድርጌ በእግሬ መጣሁ። ቢሮ ከፈትሁ፣ ኮምፒውተር ከፈትሁ፣ የሥልጠናውን ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁ። ከዚያ አንተ ገባህ። ሌላ ምን ልንገርህ?

ላቀው፦ መኪና አስነሥተው በእግርዎ መጡ?

የሺሐረግ፦ ባትሪው እንዳይሞት ነው።

ላቀው፦ እሺ። ማስታወቂያውን ላንብብልዎ?

የሺሐረግ፦ የጻፍሁት እኔ ነኝ አልሁህ'ኮ።

ላቀው፦ «የሙያ ፈቃዳችሁን ለምታሳድሱ መሐንዲሶች በሙሉ። የመሠረትና የስንጥቅ ምርመራ ሥልጠና። ቦታ፣ የማኅበሩ አዳራሽ። አሠልጣኝ፣ ኢንጂነር ጌጡ በላቸው።»

የሺሐረግ፦ ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ላይ ነው የሠራሁት። የድሮውን እቀዳለሁ፣ ስምና ቀን እቀይራለሁ። ሁላችሁም የምትሠሩት እንዲሁ ነው። አንተ ራስህ የአንዱን ድልድይ ሪፖርት ከሌላው ስትቀዳ የኩታበርን ወንዝ ሐይቅ ከተማ ላይ አላፈሰስኸውም?

ላቀው፦ እሱን ተዉት እንጂ። ያኔ ልጅ ነበርሁ።

የሺሐረግ፦ መላጣ ልጅ።

ላቀው፦ ቀኑን ቀይረዋል። የመመዝገቢያውን ስልክ ቀይረዋል። የሻይ ሰዓቱን እንኳ ሳይቀር ቀይረዋል። ሳይቀየር የቀረው አንድ ስም ነው።

የሺሐረግ፦ ዓይን ይስታል።

ላቀው፦ የእርስዎ ዓይን? ጋሽ ጌጡ ምን ይሉ ነበር? «የሺ ዝንፍ ያለ መስመር ከመንገድ ማዶ ታያለች።»

የሺሐረግ፦ አርመዋለሁ። ሌላስ?

ላቀው፦ ሌላው ዛሬ ማተሚያ ቤት የሚገባው ዕትም ነው። የአባላት ዜና ገጹን አየሁት።

የሺሐረግ፦ ምን ጎደለው? የተወለደ አለ፣ የተሾመ አለ፣ መኳንንት አግብቷል።

ላቀው፦ መኳንንት ደውሏል። «ለሦስተኛ ጊዜ» የሚለው ይውጣልኝ ይላል።

የሺሐረግ፦ ታዲያ «እድሳት» ልበለው?

ላቀው፦ ሠርግ ብቻ ይበሉለት። እትዬ የሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

የሺሐረግ፦ መቼ ከነገርህ ወጣህና? ቀጥል።

ላቀው፦ ጋሽ ጌጡ ነሐሴ ላይ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ መጽሔቱ በየጊዜው ወጥቷል። በአንዱም ላይ የሉም። የቀድሞ ጥበቃችንን የአባ ይመርን ሞት ጽፈዋል። አይተዋቸው የማያውቁትን የአባላት እናትና አባት ሁሉ ጽፈዋል። የእርስዎን ጽሑፍ አንብቦ ሰው «እኔንም እሷ ትጻፈኝ» ይላል። የራስዎን ባል ግን ዘለሉት።

የሺሐረግ፦ ቦታ አልነበረም።

ላቀው፦ ለሲሚንቶ ማስታወቂያ ሙሉ ገጽ ነበረ።

የሺሐረግ፦ ሲሚንቶ ይከፍላል።

ላቀው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እትዬ የሺ።

የሺሐረግ፦ አልታመምሁም። ደክሞኛል። ልዩነት አለው። ደግሞስ ሁላችሁም ታውቁ የለም እንዴ? ለሚያውቅ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል?

ላቀው፦ ደሴ ያለው ያውቃል። ቀብሩ ሣይንት ነበር፤ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት እኛ እንኳ የደረስነው በበቅሎ ነው። በየበረሃው ሳይት ላይ ያለው አልሰማም። ሰዒድ አልሰማም።

የሺሐረግ፦ የትኛው ሰዒድ?

ላቀው፦ የሐይቅ ከተማው ልጅ ነዋ። ጋሽ ጌጡ ሥራ ያስጀመሩት፣ አሁን አፋር መንገድ የሚሠራው። መታመማቸውን ብቻ ነበር የሰማው። ማስታወቂያውን አይቶ ቅድም ደወለልኝ። ምን አለኝ መሰለዎት? «አልሐምዱሊላህ! ጋሼ ዳኑ!»

የሺሐረግ፦ ምን አልኸው?

ላቀው፦ ኔትወርክ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት።

የሺሐረግ፦ ዋሸኸው።

ላቀው፦ እኔ በስልክ፣ እርስዎ በማስታወቂያ።

የሺሐረግ፦ እንዲህ ነው የምትናገረኝ?

ላቀው፦ ይቅርታ። አፌ አምልጦኝ ነው።

የሺሐረግ፦ አላመለጠህም። እንዲህ መናገር የለመድኸው ከጌጡ ነው።

ላቀው፦ መጀመሪያ ሳይት ላይ ሲያገኙኝ ጫማዬን አዩና «ንጹሕ ነው፤ እንግዲያው ገና ምንም አላየህም» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

የሺሐረግ፦ እኔንም ብሎኛል፣ ገና ስንተዋወቅ። ጭቃ ውስጥ ስውል ነው የሰነበትሁት፤ የዚያን ቀን ብቻ ጫማ ቀይሬ መጣሁ። እርሱ እንደሚመጣ ሰምቼ።

ላቀው፦ ይህን ነግረውን አያውቁም።

የሺሐረግ፦ አሁንም አልነገርሁህም።

ላቀው፦ ይሁን። ሥልጠናውን ግን ምን እናድርገው? ሰው ተመዝግቧል፣ ጋሽ ጌጡ ናቸው የሚሰጡት ብሎ። ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው አሠልጣኙ ነው። የሟች ፊርማ ይዘው ፈቃድ ሊያሳድሱ ነው?

የሺሐረግ፦ በሕይወት ካለው ከአንዳንዱ ፊርማ ይሻላል።

ላቀው፦ ይሻላል። ግን አይፈርሙም።

የሺሐረግ፦ ከዩኒቨርሲቲው ሰው አስመጣ።

ላቀው፦ የዩኒቨርሲቲው ሰው ስሌት ነው የሚያስተምረው። የኛ ሥልጠና'ኮ አዳራሹ ውስጥ መድረኩ ጀርባ ያለው የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው። ሰዉ የሚመጣው ጋሽ ጌጡ ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፈው፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፈውበት፣ «ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው፣ ካልተሰነጠቀ ቆሟል፤ ግድግዳ አይዋሽም፣ የሚዋሸው መሐንዲስ ነው» ሲሉ ለመስማት ነው።

የሺሐረግ፦ አውቃለሁ። ጀሶውን የማቦካው እኔ ነበርሁ።

ላቀው፦ እኔስ ምን አልሁ? እርስዎ ያሠልጥኑ።

የሺሐረግ፦ አልችልም።

ላቀው፦ ምን ያቅትዎታል? ከሁላችን በፊት ያወቁት እርስዎ።

የሺሐረግ፦ ማወቅ ሌላ፣ እዚያ መቆም ሌላ። እርሱ ከሞተ ወዲህ አዳራሹን አልረገጥሁትም።

ላቀው፦ አልረገጡትም?

የሺሐረግ፦ አልረገጥሁትም አልሁህ። ምን ታደርቀኛለህ?

ላቀው፦ ለእንግዶቹ ብዬ አዳራሹን ላስቀባው ነበር። ትናንት ቀለም ቀቢውን ይዤ ገባሁ። መድረኩ ጀርባ ሲደርስ «ይህን ጀሶ ልፋቀው?» አለኝ። ቆይ ብዬ ቀረብሁ። የጋሽ ጌጡ የመጨረሻው አለ፤ የሰኔው፤ ለሁለት ተከፍሏል። ከጎኑ ሌላ አለ። ጥቅምት ይላል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጥር የሚል።

የሺሐረግ፦ ፋቀው?

ላቀው፦ ምኑን?

የሺሐረግ፦ የጥሩን። ፋቀው ወይ ነው የምልህ?

ላቀው፦ እጁን ይዤዋለሁ። አልፋቀውም።

የሺሐረግ፦ እውነትህን ነው?

ላቀው፦ እናቴ ትሙት። እትዬ የሺ፣ ነሐሴ የተቀበረ ሰው ጥቅምት ላይ ጀሶ ይለጥፋል? ከቀኑ ሥር ደግሞ የእርሳቸው ፊርማ አለ። ለማንም ሰው የእርሳቸው ይመስላል። ለእኔ ግን አልመሰለኝም፤ የእርስዎን እጅ ጽሑፍ ስንት ዓመት አየሁት።

የሺሐረግ፦ ዘበኛው እሑድ እሑድ ይከፍትልኛል። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን በሚሆንበት ሰዓት።

ላቀው፦ ምነው ለአንዳችን ቢነግሩን? ጀሶውን እኔ አቦካልዎት ነበር።

የሺሐረግ፦ ምን ብዬ? ግድግዳ ሐዘን አያውቅም፣ ላቀው። ዝናቡ ቀጥሎ ነበር። አንድ ሰው ማየት ነበረበት። እርሱ ቢኖር ያይ ነበር፤ ስለዚህ እርሱ ያየው እንዲሆን ብዬ…

ላቀው፦ በስማቸው ፈረሙ።

የሺሐረግ፦ በስሙ ፈረምሁ። ለአንድ ግድግዳ። ማንን ጎዳሁ?

ላቀው፦ ማንንም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማንንም።

የሺሐረግ፦ ሰዒድን ማለትህ ነው።

ላቀው፦ ታዲያ ግድግዳው ላይ ምን አዩ?

የሺሐረግ፦ የሰኔው ክረምቱን አልቻለም። የጥቅምቱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጣ። የጥሩ ግን ደኅና ነው። ባለፈው እሑድ በባትሪ አየሁት፤ ምንም የለበትም።

ላቀው፦ ተመስገን! ግድግዳው ቆመ በሉኛ!

የሺሐረግ፦ አልቆመም። በጋ ሆኖ ነው። ሥሩ ዋልካ አፈር ነው፤ ዋልካ በበጋ ድምፁን ያጠፋል። በልጉ ሲመጣ ውሃ ይጠጣና ይነሣል። በበጋ አይቶ ደኅና ነው ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ገና ምንም አላየም።

ላቀው፦ ይኸው! አሠለጠኑ'ኮ።

የሺሐረግ፦ አትቀልድብኝ።

ላቀው፦ አልቀለድሁም። ሰው ፊት ቆመው ከዚህ የበለጠ ምን ሊሉ ነው?

የሺሐረግ፦ እኔን እያዩ እርሱን ይፈልጋሉ።

ላቀው፦ ይፈልጋሉ። እኔም እፈልጋቸዋለሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ ሰውየው ግን አይውልም።

የሺሐረግ፦ ይህን ማን አስተማረህ?

ላቀው፦ መላጣዬ። እትዬ የሺ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው። ካልሆነልዎት እኔ ልጻፈው ብዬ ጀምሬው ነበር። «ማኅበራችን በአንጋፋው ባለሙያ ኅልፈት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን…»

የሺሐረግ፦ ተው፣ ተው። ማኅበር ሐዘን አይሰማውም። «አንጋፋ» ሲሉትም አይወድም፤ ጡረታ ውጣ ያሉኝ ይመስለኛል ይል ነበር።

ላቀው፦ እንግዲያው እርስዎ ይበሉ።

የሺሐረግ፦ የሌላውን ሰው ስጽፍ ቃሉ ራሱ ይመጣልኛል። የእርሱን ልጽፍ ስቀመጥ ስለ ሲሚንቶ አስባለሁ። ደግሞ ከጻፍሁት ይታተማል። ከታተመ አለቀ።

ላቀው፦ ስሕተት ሲኖር በሚቀጥለው ዕትም እርማት እናወጣ የለም እንዴ?

የሺሐረግ፦ ምነው እንዲህ ያለ እርማት በኖረ።

ላቀው፦ ስልኬ ነው። ይቅርታ… ሰዒድ ነው።

የሺሐረግ፦ አንሣው።

ላቀው፦ ምን ልበለው? እንደገና ኔትወርክ ልበል? ይህን ልጅ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ካልነገርነው፣ ነገ በረሃውን አቋርጦ፣ ፍየል ጭኖ፣ «እንኳን ማረዎ» ሊል ቤትዎ ይመጣል።

የሺሐረግ፦ ይመጣል። አውቀዋለሁ።

ላቀው፦ ሊዘጋ ነው።

የሺሐረግ፦ ወዲህ በለው።

ላቀው፦ ይችላሉ?

የሺሐረግ፦ ስጠኝ አልሁህ። አንተ እዚህ ተቀመጥና ገጹን ክፈት። ማስታወቂያው ላይ አሠልጣኝ በሚለው ፊት የእኔን ስም ጻፍ። የመኳንንትን ሠርግ ብቻ በለው። ከእርሱ ሥር ለጌጡ ቦታ ተው።

ላቀው፦ ምን ያህል?

የሺሐረግ፦ ትንሽ ይበቃል። አሁን የምናገረውን ጻፍ፤ ከራስህ አንድ ቃል አትጨምር… ሃሎ። ሰዒድ፣ ደኅና ነህ? የሺሐረግ ነኝ… አይ፣ ልጄ፣ አልዳነም። ነሐሴ ላይ ዐረፈ። ማስታወቂያው ላይ ስሙን የተውሁት እኔ ነኝ… አይዞህ። አይዞህ፣ ሰዒድ። ሥልጠናው አለ። ና፣ ግድግዳውን እኔ አሳይሃለሁ። ጌጡ ግን የለም።