«አንሱና ላኩልኝ» ስለተባለው ድልድይ

የምስክር ስም፦ በሰፈሩ «እትዬ መርፌ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፣ የተራራው መንገድ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አባል
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጋር አጥር የሚጋራው ግቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ እሑድ ረፋድ
ጉዳዩ፦ ከእግር መንገድ ላይ ተሰርቋል ስለተባለ የእንጨት ድልድይ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ በድልድይ ስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘው አናጢ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ማለትም ዋርሳዬ መሆኑን አስቀድሜ አስመዘግባለሁ። ዝምድናዬን የደበቅሁ እንዳይመስል ነው። መርማሪው ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠው ቃል በጥንቃቄ እንደሚታይ ነግረውኛል፤ ይታይ ብያለሁ።

እኛ በጎ ፈቃደኞች ከከተማው ዳር ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣውን የእግር መንገድ እንንከባከባለን። ዝናብ የሸረሸረውን በድንጋይ እንደግፋለን፣ መንገዱን የዘጋውን ቁጥቋጦ እንመነጥራለን፣ መንገደኛ እንዳይጠፋ ዛፍ ላይ ምልክት እንቀባለን። ባለቤቴ የቤትሽን ሣር ሳታጭጂ የተራራውን ታጭጃለሽ እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው፣ የግቢያችን ሣር ጉልበት ይደርሳል። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት እዚያ መንገድ ላይ የማገኘውን ደስታ በሳምንቱ በሌላ ቀን አላገኘውም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዋርሳዬን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ እስከ ዛሬ እሳቸው ሲናገሩ ብድግ ብሎ ነው የሚሰማው። ዓርብ ከሥራ መልስ የጃኬቱን ዚፕ እንዳስተካክልለት ቤቴ መጥቶ ሳለ መምህርቷ ደወሉለት። እጁ በኮላ ስለተለወሰ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ያዝኩለት። ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ሌላ ከተማ እየተጓዙ መሆኑን ከነገሩት በኋላ የሚከተለውን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ልጄ፣ ነገ ድልድዩን ከሁለቱም በኩል በደንብ አንሱና ላኩልኝ።» እሱም እሺ ብሎ ስልኩ ተዘጋ።

እኔ የገባኝ ፎቶ ነው። መምህርቷ ማኅበሩ የሠራውን ሁሉ በፎቶ ማስቀመጥ ይወዳሉ። መርማሪው ታዲያ ለተጠርጣሪው ለምን አላስረዳሽውም ሲሉ ጠይቀውኛል። እሱ ሌላ ነገር እንደገባው አላወቅሁም። አፌም በስፒል ተሞልቶ ነበር። ደግሞስ አንድ ሰው ድልድይ እንደ ጆንያ ያነሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ሴቶቹ ድልድዩን ተሻግረን ቁጥቋጦ ልንመነጥር ወደ ላይ ወጣን፤ ወንዶቹ ከዋርሳዬ ጋር ታች ቀሩ። እኩለ ቀን ገደማ ስንመለስ ጅረቱ አለ፣ ድልድዩ የለም። አመዳችን ቡን አለ። ጎርፍ ወሰደው እንዳንል ውኃው በዚህ ወቅት ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። አብራን የነበረችው ነርስ መንገድ ተሳስተን ይሆናል አለች፤ ራሷ ምልክት የቀባችው ዛፍ ግን አጠገቧ ቆሟል። ምን እናድርግ፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ እየተረጫጨንና እየተጯጯህን ተሻገርን። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ የምቦርቅ አይመስለኝም ነበር።

ሰፈር ስንደርስ ግን ሳቃችን ጠፋ። የደን ጠባቂው ድልድይ ተሰረቀ ብሎ አመልክቶ፣ ድልድዩ ከነሳንቃው ዋርሳዬ ሥራ ቤት ተገኝቶ፣ እሱም ተይዞ ነበር። ከወንዶቹ እንደተረዳሁት ድልድዩን ከሁለቱም በኩል ይዘው በአንድ ድምፅ ብድግ አድርገውታል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ከዚያ በአንዱ አባላችን፣ በብረት በያጁ፣ ፒክአፕ ጭነው መምህርቷ ቤት አድርሰውታል። ላኩልኝ ተብሏላ። በሩ ዝግ ስለነበረ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ዋርሳዬ ሥራ ቤቱ አስገባው። ወንዶቹ የሚያውቁት «ታዘናል» ማለቱን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ማን እንዳዘዘው በፖሊስ ሲጠየቅ ትንፍሽ አላለም። የመምህርቷ ስልክም እስካሁን አልተነሳም።

ዛሬ ጠዋት ምግብ ይዤለት ስመጣ ለምን እንደማይናገር ጠየቅሁት። ዙሪያውን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜያቸው እሳቸውን ላሳስር? አንሱት ያሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ!» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በራልኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ በሳቅ ፈረስኩ። የጥበቃው ፖሊስ ሥርዓት እንድይዝ አስጠንቅቆኛል፣ ትክክልም ነበር። ፎቶ ነው ያሉህ ብዬ ብነግረው «ታዲያ ፎቶ ለምን አላሉም?» አለኝ። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ይህንን ሰው እንደ ልጄ እወደዋለሁ፤ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

በያጁ ቅዳሜ የላከልኝን ፎቶ ለመርማሪው በስልኬ አሳይቻለሁ። ወንዶቹ ድልድዩን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ዋርሳዬ ከፊት ሆኖ፣ ሁሉም ጥርስ በጥርስ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ድልድዩ በሁለቱም ትርጉም ተነስቷል። የሰረቀ ሰው እግሬ አውጪኝ ይላል እንጂ ሸክሙን እንደያዘ ለፎቶ አይቆምም።

ቃሌ ተነቦልኝ ከመፈረሜ በፊት መርማሪው «ተጠርጣሪው በዋስ ቢወጣ አይሰወርም ወይ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። መልሴ ይህ ነው። የማረፊያ ክፍሉ በር ማጠፊያው ወልቆ፣ ከውጭ በወንበር ተደግፎ ይዘጋ እንደነበረ ጥበቃው ራሱ ነግሮኛል። ዋርሳዬ ትናንት ከገባ በኋላ በሩ ሆዱን በልቶት፣ ከጥበቃው ካቻቢቴ ለምኖ፣ ከውስጥ ሆኖ ጠግኖ በራሱ ላይ ዘግቶታል።

ከላይ የሰፈረው ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው፤ የሳቅሁበትም ቦታ ቢሆን አልተጋነነም። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት ቃል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪ ማስታወሻ፦ በሩ ተሞክሯል፤ በደንብ ይዘጋል። ተጠርጣሪው ድልድዩን ወደ ቦታው እንዲመልስ በምስክሯ ዋስትና ተለቋል። ከመሄዱ በፊት አልዘጋ ያለኝን የቢሮዬን መሳቢያ እንዲያይልኝ ጠይቄዋለሁ።