ከምንጩ በላይ ያለው ረግረግ

በ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ መስከረም፣ ከእንጦጦ ወደ የካ ስወርድ አንዲት ምንጭ አጠገብ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው የቦታው ባለቤት አቶ ኢዶሳ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛው ሠረቀብርሃን የሚባል ወጣት ነው፤ አንኮበር አካባቢ ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም አራት ዓመት በአስተርጓሚነት ሲያገለግል ጥቂት ሕክምና ተምሯል። በመንደሩ ተቅማጥ ገብቶ ነበርና የአቶ ኢዶሳን ባለቤት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“አባቴ፣ ባለቤትዎን ያሳመማቸው ይህ ውሃ ይመስለኛል” አለ ሠረቀብርሃን።

አቶ ኢዶሳ ሳቅ አሉ። “ልጄ፣ አባቴም አያቴም ከዚሁ ጠጥተው ነው ያረጁት። እስቲ እየው፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ከዚህ የጠራ ውሃ ከየት ይመጣል?”

“መጥራቱንስ ጠርቷል። ግን ከበላዩ ከብቶች የሚውሉበት ረግረግ አለ። እበቱ ወደዚህ ይሰርጋል።”

“መሬት አጣርቶ ነው የሚሰጠን። ደግሞስ ረግረጉን አጥሬ የጎረቤቶቼን ከብት ውሃ ልከልክል? ነውር አይደለም?”

እውነቱን ለመናገር የሽማግሌው ቃል ልቤን ነካው፤ እንቢታቸው ከደግነት የመጣ ነበርና። እንዲህ ያለውን ሰው ስድብ አይመልሰውም። ሠረቀብርሃንም ይህን ተረድቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ማንንም ይከልክሉ አላልኩም። አንድ ነገር እንሞክር። ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ ቤትዎ አለ?”

እንዶዱ ተወቅጦ መጣ። ሁለቱ ረግረጉ ድረስ ወጥተው በእንስራ በጥብጠው አፈሰሱት። ስለ ገብሱ አዝመራ እየተጨዋወትን ቆየን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አቶ ኢዶሳ ራሳቸው ከምንጩ በቅል ቀድተው ነቀነቁት፤ አረፋ ኩፍ አለ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

“መረረኝ” አሉ። “እንዶዱ ከመጣ እበቱም መጥቷል።” ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡና፣ “በነሐሴ የልጄን ልጅ ቀብሬአለሁ። ታማ ሳለች ይህንኑ ውሃ በእጄ አጠጣት ነበር” አሉ።

“አላወቁም ነበር፣ አባቴ።”

“እንግዲህ ምን ላድርግ?”

“ረግረጉን በአጥር ይከልሉት፣ ከብት አይርገጠው። ምንጩን በድንጋይ ገንብተው ይክደኑትና ውሃው በእንጨት አሸንዳ ይውረድ። ከዚያ በታች የከብት ገንዳ ይሁን፤ ከገንዳው በታች ልብስ ይታጠብ። ለባለቤትዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን አፍልተው አቀዝቅዘው ይስጧቸው።”

“እንዲያ ከሆነማ የሚከለከል የለም!” አሉ ሽማግሌው።

በማግሥቱ ፉፋ የሚባል ጎረቤት የአጥሩን ወሬ ሰምቶ ተቆጥቶ መጣ። አቶ ኢዶሳ አልተጣሉትም፤ እንዶዱን በጥብጠው አሳዩት። ፉፋ ድንጋይ ሲሸከም ዋለ።

በዓመቱ ክረምት ሲወጣ በዚያው መንገድ አለፍኩ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ድነው ገብስ ያሰጡ ነበር። በዚያ ክረምት ከመንደሩ በተቅማጥ የተቀበረ ሕፃን አልነበረም። ከብቶቹም ከረግረጉ ሲጠጡ ጉሮሯቸው ላይ ይጣበቅ ከነበረው አልቅት ዐርፈዋል፤ ሴቶቹም ሲቀዱ የሚደፈርሰው ውሃ እስኪጠልል መጠበቃቸው ቀርቷል። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ድንጋይና በአንድ የተቦረቦረ ግንድ ነው።

አቶ ኢዶሳን እንኳን ደስ አለዎ ብላቸው፣ “ዕድሜዬን ሙሉ ስጠጣ ከበላዩ ያለውን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም ነበር” አሉኝ።

እኔም ቤቴ እንደ ደረስኩ፣ ጋቢዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የምጠጣበትን ጉድጓድ ዙሪያውን ዞሬ አየሁ።